የወተቷ ልጅ ዋስ

ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ ለእህቱ ልጅ ዋስ እንድሆንለት ለመነኝ። ልጁ ለፖሊስነት ተመዝግቦ ሩጫውን፣ ቁመቱን፣ የሐኪሙን ምርመራ ሁሉ አልፎ የቀረው ዋስ ማቅረብ ብቻ ነበር። ዋስ ማለት ምልምሉ ሥልጠናውን ጥሎ ቢጠፋ ወጪውን ከእኔ ደመወዝ ቁረጡ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ሰው ኃይል ቢሮ ገብቼ የደመወዝ ማረጋገጫዬን ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየት አደረገችና «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

ፈርሜ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ስደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባልደረባዬ ደነገጠ። ልጁ ጠፍቶ ዕዳ ያሸክመኛል ብዬ የሰጋሁ መስሎት ይምልልኝ ጀመር። እንደዚያ እንዳልሆነ ነገርኩት፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ለመናገርም ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ፖሊስ የሆንኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ያደግነው ድሬ ውስጥ፣ ለገሃር አጠገብ ነው። የባቡሩ ሥራ ተዳክሞ አባቴ ቤት መዋል ሲጀምር፣ «የመንግሥት ደመወዝ ትንሽ ናት፣ ግን ከቀኗ አትቀርም» እያለ የሥራ ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ይጎተጉተኝ ነበር። በምዝገባው ቀን ከኋላዬ የተሰለፈው አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ቁመት ስንለካም፣ ሥልጠና ስንገባም ከአጠገቤ አልጠፋም። ሩጫ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ስለሚወጣ «አንተ የምትይዘው ሌባ ጡረታ የወጣውን ብቻ ነው» እያልኩ አበሽቀው ነበር። በአንድ ቀን ተመረቅን፤ የመጀመሪያ ደመወዛችንንም ከአንድ ወረቀት ላይ፣ እኔ ከላይ እሱ ከታች ፈርመን ወሰድን።

ይህ የምናገረው ነገር ሲሆን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለናል። እሱ ኢንስፔክተር ሆኗል። እኔ ምክትል ሳጅን ነበርኩ።

ማንም ክፉ አልሠራብኝም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የደመወዝ እርከኑ ላይ የወንድ፣ የሴት የሚል ነገር የለም። ግን ማዕረግ የሚገኘው ኮርስ ተገብቶ ነው። የመጀመሪያው ኮርስ ሲመጣ ልጄ ጡት ላይ ነበረች። ሁለተኛው ሲመጣ አለቃዬ ኬላው ላይ ከእኔ ሌላ ሴት እንደሌለው ነገረኝና ለሚቀጥለው ዙር አስተላለፈኝ። እውነቱን ነበር። ወንድ ሴትን አይፈትሽም፤ እኔ ከሄድኩ ማን ይፈትሻል? ሦስተኛውም ዙር እንደዚሁ አለፈ። ወንዶቹ ለስምሪት ገጠር ሲወጡ አበል ያገኛሉ፤ የእኔ ኬላ ግን ከተማው ዳር ስለሆነ አበል የለውም። ሴት ፖሊስ ስለጠፋ እኔ አላድግም፤ እኔ ሳላድግ ሳረጅ የሚያዩ ሴቶች ደግሞ አይመዘገቡም። ስናደድ «እኔ እኮ ፖሊስ አይደለሁም፣ የኬላው መጋረጃ ነኝ» እላለሁ። ወንዶቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ኬላው ከደንገጎ ቁልቁል የሚመጣው መንገድ ከተማ ሊገባ ሲል ነው። የሴቶች መፈተሻው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ረፋድ ላይ የድሬ ፀሐይ ሲያርፍባት ምድጃ ትሆናለች። ከደረቷ እስከ ጉልበቷ አዲስ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ጠምጥማ፣ ላዩን ሰፊ የድሪያ ቀሚስ ደርባ፣ የስምንት ወር እርጉዝ ነኝ ያለችኝን ሴት እዚያ ውስጥ ስንቴ ፈትቼ አዋልጃለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች፤ አንዳንዷ ትረግመኛለች። እርግማኑን ለምጄዋለሁ።

የወተቷን ልጅ ያወቅኳት በዚያች ክፍል ነው። ከሐርላ መንደር በየማለዳው በባጃጅ ሁለት ጀሪካን ወተት ይዛ ትመጣለች፤ የቤታቸውንና የጎረቤቶቻቸውን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ውጤት ያልመጣላት፣ ረጅም፣ ምላሰ ፈጣን ልጅ ናት። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ሶማሌ ወገባቸው ላይ የታሰረ ነገር አላስነካም ብለው ክፍሉን በጩኸት ሞሉት። የእኔ ሶማሊኛ «ነይ»ና «ሂጂ» ከማለት አያልፍም። ልጅቷ ከወረፋው ገባችና «ሆዮ»፣ እናቴ እንደማለት፣ ብላ እጃቸውን ያዘች። ለስለስ አድርጋ በሶማሊኛ አዋራቻቸው። የታሰረው የጉልበት መድኃኒት ነበር፤ ልወስድባቸው መስሏቸው ኖሯል። ለእኔ በአማርኛ አስረዳችኝ፣ ውጭ ሆነው ለሚያጉረመርሙት ደግሞ በኦሮምኛ። በሦስት ቋንቋ፣ በአምስት ደቂቃ፣ ማንንም ሳታዋርድ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ወተቱ ፀሐይ እንዳይመታው ከወረፋው አስቀድሜ አሳልፋታለሁ፤ እሷም ችግር ካለ ቆም ብላ ታስተረጉምልኛለች። ፖሊስ እንድትሆን ስነግራት ወደ ታች አየችና ሳቀች።

«ያንቺን ጫማ እያየሁ?» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ሶል ያስቀየርኩት ጫማ ነበር። አብረን ሳቅን። እኔ ግን አልተውኳትም፤ በየቀኑ ነገርኳት። ለእሷ ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው። እሷ ከገባች ኬላው ላይ የሚተካኝ ሰው ተገኘ፣ እኔም ኮርስ ልሄድ ነው። ይህን በሆዴ አስቤዋለሁ። ለእሷም ለእኔም ይጠቅማል፣ ታዲያ ምን ነውር አለው እያልኩ።

በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ሴቶች እንዲመዘገቡ የሚቀሰቅስ ቡድን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ላከ። እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ቢዮ አዋሌ ውለን ሐርላ ስንደርስ ልጅቷ አባቷ ጋ ወሰደችኝ። አባትየው ፍየሎቻቸው ከሚዘሉበት ከጥንቱ የድንጋይ ፍራሽ አጠገብ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ማታ ተረኛ ትሆናለች ወይ፣ የት ታድራለች፣ ፖሊስ የሆነችን ሴት ማን ያገባታል እያሉ ጠየቁኝ። ባሌ ፖሊስ እንዳልሆነና እስካሁን እንዳልፈራኝ ስነግራቸው ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እሺ፣ እናንተ ልጄን ስትወስዱ ዋቢዋ ማን ነው?» አሉኝ።

እኛ ምልምሉን ዋስ አምጣ እንላለን እንጂ፣ ፖሊስን ዋስ አምጣ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። አፌን ሞልቼ «ለእናንተም፣ ለመሥሪያ ቤቱም፣ ዋቢዋ እኔ ነኝ» አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሽማግሌዎቹ እያዩ ተጨባበጥን።

«እንግዲያው ከእጅሽ ነው የምጠይቃት» አሉ።

ልጅቷ ተመዘገበች። ከሴቶቹ አንደኛ ሮጠች። ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ኬላው ድረስ መጥታ አቅፋ አነሳችኝ፣ ከነመለዮዬ። የቀረው የዋስ ፊርማ ነበር፤ እስከ ዓርብ ያላቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ሰኞ ጠዋት ሰው ኃይል ሄድኩ። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ማረጋገጫዬን ሁለት ጊዜ አነበበና ደመወዜ ለዋስነት እንደማይበቃ ነገረኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። መመሪያውን አውጥቶ አሳየኝ፤ የዋሱ ደመወዝ ከዚህ በታች እንዳይሆን የሚል መስመር አለው። የጎደለኝ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው። «ሳጅን ብትሆኚ ይበቃሽ ነበር» አለኝ፤ ልጁ ክፉ አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከለበስኩት መሥሪያ ቤት በር ላይ ለአንዲት ልጅ መፈረም አቃተኝ።

ያን ቀን ወጥቼ ለልጅቷ ብነግራት ኖሮ! ማክሰኞ ጠዋት ጀሪካኖቿን አስቀምጣ ፈርሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገ አልኳት። እንዴት ብዬ ልንገራት? ጫማዬን አይታ ስትስቅ አብሬ የሳቅኩት ሴት፣ አሁን ሳቋን ፈራሁ። በዚያ ላይ የአባቷ እጅ አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ። ማመልከቻ ጽፌ ለኃላፊው አስገባሁ፤ የአገልግሎት ዘመኔ ታይቶ እንዲፈቀድልኝ ለመንኩ። ይታያል ተባልኩ። ረቡዕ ደግማ ስትጠይቀኝ ያለቀ ነገር ነው አልኳት። በሕይወቴ ብዙ ውሸታም ፈትሻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ፊቴን መደበቂያ ያጣሁበት ጊዜ የለም። እሷ ግን አመነችኝ። እያፏጨች ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት ማመልከቻዬ እንዳልተፈቀደ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ያ የሳቢያን ልጅ፣ ኢንስፔክተሩ፣ ትዝ ያለኝ። ትዝ ያለኝ ማለት ራሱ ውሸት ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። እሱን መለመን ከሁሉም ነገር መረረኝ እንጂ። ቢሮው ገባሁ። ማራገቢያው ከላይ ይዞራል፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣልኝ። ሳወራ ሳወራ ፊቱ ተለወጠ።

ለሚስቱ ወንድም ረቡዕ ዕለት ፈርሟል። አንድ ሰው ደግሞ ዋስ የሚሆነው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሰኞ ብትመጪ ኖሮ ላንቺ ነበር የምፈርመው» አለኝ። አምነዋለሁ። ይፈርም ነበር። ከዚያ ግራ እንደገባው ሰው «ግን ለምን ራስሽ አልፈረምሽም?» ሲል ጠየቀኝ።

ደመወዜን ነገርኩት። ጠርሙሱን ከእጁ አስቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ ሚስት ሲያገባ አብሬ ስጨፍር፣ እናቴ ስትሞት ድንኳን ሲተክልልኝ፣ አያውቅም ነበር። ከአንድ ወረቀት ላይ የጀመርን ስለሆነ እዚያው ወረቀት ላይ ያለን መስሎት ኖሯል። ይቅርታ አድርጊልኝ አለኝ፤ ምን አድርጎኝ ይቅር እለዋለሁ? ለስላሳውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እዚያው ሰፈሬ ውስጥ ደመወዝተኛ ፍለጋ አመሸሁ። ባለሱቁ ጎረቤቴ ፈቃደኛ ነበር፣ ግን የደመወዝ ማረጋገጫ ከየት ያመጣል? ደመወዝተኛዋ ጎረቤቴ ደግሞ ለባንክ ብድር ዋስ ሆና ደመወዟ ተይዟል። ዓርብ ጠዋት ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳት። ሳትቆጣ ሰማችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ወተቱ ይበላሻል» አለችና ጀሪካኖቿን አንስታ ወጣች።

ሰኞ ዕለት ቢዮ አዋሌ ካለው የድሮ አስተማሪዋ የደመወዝ ማረጋገጫ ይዛ መጣች። ዓርብ ከሰዓት ወተቱን ሸጣ ሄዳ፣ ቅዳሜና እሑድ ከቤቱ እያጣችው ስትመላለስ ሰንብታ ነው ያገኘችው። ለመፈረም አላንገራገረም አሉ። ግን ቦታው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለተጠባባቂዋ ተሰጥቷል። ማክሰኞ ብነግራት ኖሮ ረቡዕ ያለቀ ነገር ነበር። ይህን እሷ አላለችኝም። እኔ ነኝ ለራሴ የምለው፣ እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው መምጣቷን ቀጠለች። ወረፋውን አስቀድሜ ላሳልፋት ስል እምቢ ብላ ከሰው ጋር ትሰለፋለች። ገብታ፣ ሳልነግራት ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ትዘረጋለች፤ እኔ እፈትሻለሁ፤ ትወጣለች። ችግር ሲፈጠር ብጠራት ታስተረጉማለች፣ ግን ካልጠራኋት አትገባም። ስለ ጫማዬም የምትለው ነገር ቀረ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። አንድ ማለዳ ያለ ጀሪካን መጣች። የያዘችው ፌስታል ብቻ ነው። ከፈትኩት፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሻሽ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የትምህርት ማስረጃ። የት ነው አልኳት።

«መልካ ጀብዱ፣ አክስቴ ጋ» አለች።

መልካ ጀብዱን አውቀዋለሁ። ደላሎች ሴቶቹን እዚያ ሰብስበው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር አሻግረው ወደ ዓረብ አገር ይወስዷቸዋል። ፖሊስ ነኝ፤ ስንቷን ከመኪና አውርጄ መልሻለሁ። አክስቷን ለመጠየቅ የምትሄድ ልጅ የትምህርት ማስረጃ ምን ያደርግላታል? ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። ግን ምን አፍ አለኝ? ተመለሺ ብላት፣ ወደ ምን ብትለኝስ? አንገቴን ደፍቼ ፌስታሉን መልሼ አሰርኩላት። ስትወጣ ዞር ብላ ጫማዬን አየችና ፈገግ ያለች መሰለኝ። የታረቀችኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለዚያ መንገድ ዋስ የሚጠይቅ እንደሌለ ያን ቀን አላሰብኩም።

ተጠባባቂዋ ሥልጠናዋን ጨርሳ መጥታ ተተካችልኝና እኔም በዓመቱ ኮርስ ገባሁ፤ ሳጅን ሆንኩ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ምንም አላጠፋችም። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው።

ልጅቷ በሄደች በአራተኛው ቀን አባቷ መጡ። ከባጃጅ ወርደው ዱላቸውን ተመርኩዘው ወንዶቹን አልፈው በቀጥታ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሲመጡ አየኋቸው። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። የሴቶቹ አግዳሚ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ኢንተላ ኮ በዚህ አልፋለች?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አዎ አልኩ።

«ፈተሽሻት?»

«ፈትሻታለሁ።»

«ምን ይዛ ነበር?»

ነገርኳቸው፤ ቀሚሶቹን፣ ሻሹን፣ ማስረጃውን። እያንዳንዱን በጣታቸው ዱላቸው ላይ እየነኩ ሰሙኝ። ማስረጃው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህን አይተሽ አሳለፍሻት?»

«የተከለከለ ነገር አልያዘችም ነበር» አልኩ።

አልጮኹም። ቢጮኹ ወንዶቹ መጥተው ይገላግሉኝ ነበር። ቀኝ እጄን ያዙት፤ ሊጨብጡኝ መስሎኝ ነበር። ገልብጠው መዳፌን አዩት፤ ቆይተው ቀስ ብለው ለቀቁት። ዱላቸውን አንስተው ወደ መንገዱ ሄዱ። ጅቡቲ ድረስ ያሉትን የምናውቃቸውን ሁሉ ጠይቀናል፤ ኢንስፔክተሩም ብዙ ደክሟል። እስከ ዛሬ ወሬዋ የለም።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ቀጣይዋ ሴት ገብታ፣ እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። ፈተሽኳት።